ከመንገድ ዳር ፈንጂ ጋር የተገኘ ስልክ ወደ ሠሪው ይመራል? ኔትወርክ መዝጋትስ ያድናል?

የዘማች እህት፦

ጤና ይስጥልን። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታግሣችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

ታናሽ ወንድሜ በሶማሊያ በአፍሪካ ኅብረት ተልእኮ ሥር አንድ ዙር ግዳጅ ፈጽሞ ተመልሷል። አገራችን እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ዓ.ም. 4,395 ወታደሮች ይዛ ተልእኮውን በይፋ ከተቀላቀለች ወዲህ የብዙ ቤተሰብ ልጆች በዚያ መንገድ ተመላልሰዋል፤ የእርሱም ምድብ ባይዶዋ ነበር። ስለ ግዳጁ ብዙ አይናገርም። ነገር ግን የማያውቀው ቁጥር ሲደውልለት ስልኩን ሳያነሣ ቁጥሩን ትኩር ብሎ ሲያይ እመለከተዋለሁ፤ ጥሪው እስኪያበቃ ድረስ ዓይኑን አይነቅልም።

አንድ ምሽት ቡና ላይ እንደ ነገረኝ፣ ኮንቮዩ ሊነሣ ሲል ከፊት ያለው መኪና ላይ የተገጠመው ጃመር ሲበራ የሁሉም ስልክ ኔትወርክ ባንድ ጊዜ ይጠፋል፤ እነርሱም ይህን ሲያዩ ልባቸው ይረጋጋል። ይሁንና ጃመሩ እየሠራ የተቀበረ ፈንጂ የፈነዳባቸው ቀን ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ ሳይፈነዳ የተገኘ ፈንጂ ከነስልኩ ወጥቶ ባለሙያዎች ይዘውት ሄደዋል። እርሱ እስከ ዛሬ የሚጠይቀው ያ ስልክ ከዚያ በኋላ ምን እንደ ሆነ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልጠይቅ። ጃመር እየሠራ ፈንጂ እንዴት ሊፈነዳ ይችላል? ከፈንጂ ጋር የተያዘ ስልክ፣ ተቃጥሎም ቢሆን፣ መርማሪን ወደ ሠሪው ሊያደርስ ይችላል ወይ? በመጨረሻም አንዳንድ ሰዎች በአደገኛ አካባቢ የሞባይል አገልግሎትን ፈጽሞ መዝጋት ይሻላል ይላሉ፤ ይህ በእርግጥ ሕይወት ያድናል?

ጡረተኛው አምካኝ፦

እህታችን፣ ወንድምዎ በሰላም በመመለሱ ደስ ብሎኛል። በፈንጂ ማምከን ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ያሳለፍሁ ሰው ነኝ። ፈንጂ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስተምር ነገር እዚህ አልጽፍም፤ ሌላው ላይ ግን የማውቀውን እነግርዎታለሁ።

ስለ ጃመሩ ልጀምር። ስልክ የሚሰማው ከሩቅ ታወር የሚመጣውን ደካማ ሞገድ ነው። ጃመር በዚያው ሞገድ ላይ ከቅርብ ሆኖ ጩኸት ይለቃል። በሠርግ ድንኳን ውስጥ ከበሮ መቺው አጠገብ የተቀመጠ ሰው ከደጅ ስሙን ቢጠሩት እንደማይሰማ ሁሉ፣ ስልኩም ታወሩ ሲጠራው አይሰማም። ይህ ከለላ ግን በመኪናው ዙሪያ የተወሰነ ርቀት ብቻ የሚሸፍን ነው፤ ኮንቮዩ ሲረዝም ወይም መኪና ከመኪና ሲራራቅ ከከለላው ውጭ የሚቀር አለ። ከዚህም ሌላ ጃመር የሚከለክለው በሞገድ የሚመጣውን ትእዛዝ ብቻ ነው። ኢራቅ ውስጥ የሕዝብ የሞባይል አገልግሎት የተስፋፋው ከ2003 በኋላ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በእ.ኤ.አ. እጽፋለሁ)፤ ስልክ ለፈንጂ መዋል የጀመረውም ከዚያ ጋር ተከትሎ ነው። አሜሪካኖች በየተሽከርካሪው ጃመር ሲገጥሙ ታጣቂዎቹ ሞገድ ወደማይፈልጉ መንገዶች ዞሩ። በ2006 አሜሪካ ለዚሁ ትግል ብቻ የሚሠራ አንድ ራሱን የቻለ ድርጅት በመከላከያ ሚኒስቴሩ ውስጥ አቋቋመች፤ የባሕር ኃይሏን የኤሌክትሮኒክ ጦርነት ባለሙያዎችም ወደ ኢራቅ በረሃ ላከች፤ ጃመሮቹ የራሷን ወታደሮች ሬዲዮ ያውኩ ስለነበር አንዱን ከሌላው ማስማማት ራሱ ትልቅ ሥራ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ወንድምዎ ላይ የደረሰው የጃመሩ ብልሽት ላይሆን ይችላል። ጃመር አንዱን በር ይዘጋል፤ ሌሎቹን በሮች የሚጠብቀው የመንገድ አሳሹ ዓይን፣ ትናንት ያልነበረ የአፈር ጉብታ ዛሬ ማየቱ፣ የአካባቢው ሰው የሚሰጠው ጥቆማ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ፤ ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሳይፈነዳ የተገኘ ፈንጂ ከመቶ ስብርባሪ የበለጠ ይናገራል። ጀማሪ አምካኝ የሚፈተነው ባገኘው ሁሉ ላይ ባሩድ ጭኖ ባለበት በማፈንዳት ፍላጎቱ ነው። ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ይፈንዳ፤ ጥያቄ የለውም። ነገር ግን በሩቅ መሣሪያ ለያይቶ ስልኩን፣ ሽቦውን፣ ጥቅል ፕላስተሩን ሳይበላሽ ማውጣት ከተቻለ ያ ማስረጃ ነገ የሚፈነዳውን ሊያስቀር ይችላል። በፕላስተር ሙጫው በኩል የጣት አሻራ ይቀራል፤ ፀጉርና ላብ ይቀራል፤ የሽቦ አጠማዘዝም እንደ እጅ ጽሑፍ የሰውየውን ልማድ ያሳያል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ2005 ኢራቅ ውስጥ ባይጂ አጠገብ ሳይፈነዳ የተገኘ የመንገድ ዳር ፈንጂ ነበር። ከእርሱ ጋር የገመድ አልባ የቤት ስልክ ማስቀመጫ ተያዘ። ዕቃው ታሽጎ ወደ አሜሪካ ተላከና ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን የሚመጡ የፈንጂ ክፍሎች በሚሰበሰቡበት የፌዴራል ምርመራ ቢሮው ቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ከዓመታት በኋላ፣ አሜሪካ ውስጥ በኬንታኪ ግዛት ቦውሊንግ ግሪን በተባለች ከተማ በስደተኝነት ገብቶ የሚኖር አንድ ኢራቃዊ ተጠረጠረ፤ መርማሪዎቹ ወደ መደርደሪያው ተመልሰው ያንን ዕቃ ሲመረምሩ የእርሱን የጣት አሻራ አገኙበት፤ በ2011ም ተያዘ። ሰውየው ጥፋቱን አምኖ በጥር 2013 የ40 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ባይጂ ላይ ያንን ዕቃ ያነሣው ወታደር ጓንት ሳያደርግ ቢይዘው፣ ወይም ቀኑንና ቦታውን ሳይጽፍ ከሌላ ዕቃ ጋር ቢቀላቅለው ኖሮ ይህ ሁሉ አይገኝም ነበር።

ታወር ላይ የዋለ፦

የአምካኙን ወንድማችንን ሐሳብ በኔትወርኩ በኩል ልቀጥል። የቴሌኮም መሐንዲስ ነኝ።

ማንኛችሁም ስልካችሁ ላይ *#06# ብትጽፉ 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ይመጣላችኋል። የመጀመሪያዎቹ ስምንቱ የስልኩን ሞዴል፣ ቀጣዮቹ ስድስቱ የዚያን አንድ ስልክ ተራ ቁጥር ያመለክታሉ፤ የመጨረሻው ሌሎቹ በትክክል መጻፋቸውን ማረጋገጫ ነው። ሲም ካርዱ ደግሞ ሌላ ቁጥር አለው፤ በጀርባው የታተመው ረጅም ቁጥር በ89 ይጀምርና የአገር ኮድ ይከተለዋል፤ የእኛ አገር ከሆነ 251 ነው። ስለዚህ ማያው ረግፎ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ የተገኘ ስልክ እንኳ ባትሪው ሥር ካለው ተለጣፊ ወይም ከውስጥ ካለው ማኅደር አንዱ ቁጥር ከተነበበ ቀጣዩ ጥያቄ «ይህ ስልክ የት ተሸጠ? ይህ ሲም የት ተከፈተ?» የሚል ይሆናል።

በማድሪድ የሆነው ይህ ነው። ማርች 11 ቀን 2004 በአራት የከተማ ባቡሮች ላይ አሥር ፈንጂዎች ፈንድተው 191 ሰዎች ሞቱ። ከኤል ፖዞ ጣቢያ ከተሰበሰቡት የተጎጂዎች ዕቃዎች መካከል አንድ ቦርሳ ወደ ቫዬካስ ፖሊስ ጣቢያ ተወሰደ፤ ሌሊት ላይ ዕቃው ሲመዘገብ ውስጡ ፈንጂና ሞባይል ስልክ ተገኘ። አንድ አምካኝ ቦርሳውን ወደ አቅራቢያው መናፈሻ አውጥቶ በእጁ አከሸፈው። ከስልኩ የወጣው ሲም ካርድ በላቫፒዬስ ሰፈር ወደሚገኝ አንድ የስልክ መሸጫ መራ፤ ጥቃቱ በደረሰ በሁለተኛው ቀን፣ ማርች 13፣ ተጠርጣሪዎች ተያዙ። ከዚያው ጥቅል የወጡ ሌሎች ሲሞች የት እንደ በሩ ሲታይ ከማድሪድ ወጣ ብላ በምትገኘው ሞራታ ደ ታሁኛ አካባቢ ያለውን ታወር አመለከቱ፤ ፈንጂዎቹ የተሰናዱበት ቤትም እዚያው አካባቢ ሆኖ ተገኘ። ያ አምካኝ እጁን ባይዘረጋ ኖሮ መርማሪዎቹ ከየት ይጀምሩ እንደ ነበር አስቡት።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱበትን ነገር ልናገር። ታወር የሰውን ቤት አያሳይም። በድሮው ሁለተኛ ትውልድ ኔትወርክ ታወሩ ከስልኩ ያለውን ርቀት የሚገምተው 550 ሜትር ገደማ በሆነ እርከን እየቆጠረ ነው፤ በከተማ ውስጥ ይህ ማለት አንድ ሙሉ ሰፈር ነው። በዚህ ክበብ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ተጠርጣሪ ማድረግ ትልቅ ግፍ ነው። የጥሪ ዝርዝር ኃይል የሚያገኘው ለብዙ ቀን ሲነጻጸር ነው።

ይህን ከሁሉ በላይ ያሳየን ሊባኖሳዊው ዊሳም ኢድ ነው። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2005 ቤይሩት ላይ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ራፊቅ ሐሪሪ አጀብ ሲያልፍ በፈንጂ የተሞላ መኪና ፈነዳ፤ ሐሪሪን ጨምሮ 22 ሰዎች ሞቱ። ኢድ የኮምፒውተር መሐንዲስና የፖሊስ መኮንን ነበር። በዚያ አካባቢ ታወሮች ያለፉትን እጅግ ብዙ ጥሪዎች ይዞ አበጠራቸው፤ ከእነርሱም መካከል ከራሳቸው ሌላ ማንንም የማይደውሉ፣ ፍንዳታው ሊደርስ ደቂቃዎች ሲቀሩት ለዘለዓለም ዝም ያሉ ስምንት ስልኮች አገኘ። ቀጥሎ የጠየቀው ጥያቄ ነው የሚደንቀኝ፦ ከእነዚህ ስልኮች ጋር በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ታወር ወደ ሌላ ታወር አብሮ የሚጓዝ ሌላ የግል ስልክ ይኖር ይሆን? ነበረ። ኢድ ጃንዋሪ 25 ቀን 2008 በመኪናው ላይ በደረሰ የቦምብ ጥቃት ተገደለ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ኦገስት 18 ቀን 2020፣ የሊባኖስ ልዩ ፍርድ ቤት ከ2,600 ገጽ በላይ በሆነ ውሳኔ አንድ ተከሳሽ በሌለበት ጥፋተኛ አለ፤ ውሳኔው በዋናነት የቆመው ኢድ በከፈተው የስልክ መዝገብ መንገድ ላይ ነበር። በሙያዬ ውስጥ ስሙን በአክብሮት የማነሣው ሰው ነው።

ደኅንነት ይቅደም፦

ሁለቱም መላሾች ያቀረቡት ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ከሞት በኋላ የሚደረግ ሥራ ነው። እኔ የምጠይቀው ከሞት በፊት ስላለው ነው። የፓኪስታን መንግሥት በዓሹራና በሌሎች ታላላቅ ሃይማኖታዊ ቀኖች በየከተማው የሞባይል አገልግሎት ሲያቋርጥ ምክንያቱ በስልክ የሚፈነዳን ቦምብ አስቀድሞ ማስቀረት ነበር። ከለንደኑ የሐምሌ 2005 ጥቃት በኋላም ኒው ዮርክ በአንዳንድ የመኪና ዋሻዎቿ ውስጥ አገልግሎቱን ለጊዜው ዘግታ ነበር። አንድ ቀን ስልክ ባለመሥራቱ የሚሞት ሰው የለም፤ አንድ ፈንጂ ግን አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዞ ይሄዳል። የእህታችን ወንድም በሚያልፍበት መንገድ ላይ ኔትወርኩ ለሁለት ሰዓት ቢዘጋ ማን ይጎዳል?

ታወር ላይ የዋለ፦

ወንድማችን፣ ስጋትዎ ከልብ እንደ ሆነ ይገባኛል፤ በድምዳሜው ግን አልስማማም። አንድ ቀን ስልክ ባለመሥራቱ የሚሞት ሰው የለም ያሉት ትክክል አይደለም። ምጥ የያዛት ሴት አምቡላንስ የምትጠራው በስልክ ነው። ሶማሊያ ውስጥ ደግሞ ከሦስት አዋቂዎች ሁለቱ በላይ ገንዘብ የሚቀበሉትም የሚከፍሉትም በሞባይል ነው፤ ጥሬ ገንዘብ እምብዛም በማይገኝበት ገበያ ኔትወርክ ሲጠፋ ውኃ የምትሸጠው እናት ጭምር ሥራዋ ይቆማል።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሰውየው ሊጠቁም ሲፈልግ የሚጠቁምበት መንገድ መጥፋቱ ነው። ከመንገድ ዳር ሌሊት የሚቆፍር ሰው ያየ እረኛ ለማን ይደውል? አል-ሸባብ ራሱ በጥር 2014 የስልክ ኩባንያዎች የሞባይል ኢንተርኔት በ15 ቀን ውስጥ እንዲያቋርጡ አዝዞ ነበር፤ የሕዝቡ መነጋገር ማንን እንደሚያሰጋ ከዚህ ይታያል። በማድሪድም የፈነዱት በጥሪ ሳይሆን በስልኩ የማንቂያ ሰዓት የታሰሩ ስለ ነበሩ መላው ስፔን ውስጥ ኔትወርክ ቢዘጋ ኖሮ አንዱንም አያስቀርም ነበር። በኮንቮይ ዙሪያ ለደቂቃዎች የሚያፍን ጃመር አንድ ነገር ነው፤ ከተማን ሙሉ ዝም ማሰኘት ሌላ ነው።

የሕግ ተማሪ የነበረች፦

በፓኪስታኑ ላይ አንድ ልጨምር። የኢስላማባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2018 በደኅንነት ምክንያት ኔትወርክ ማቋረጥን ሕገ ወጥ ብሎ ወስኖ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2020 ያንን ውሳኔ ሽሮታል። ስለዚህ ክርክሩ የዚያችን አገር ዳኞችም ያለያየ ነበር።

እኔ ማንሣት የፈለግሁት ሲም ምዝገባንና ማስረጃ አያያዝን ነው። ስፔን ከማድሪዱ ጥቃት በኋላ በ2007 ባወጣችው ሕግ ቅድመ ክፍያ ሲም የሚገዛ ሁሉ በስሙ እንዲመዘገብ አዘዘች። ታይላንድ ደግሞ በስልክ የሚፈነዱ ቦምቦች በበዙባቸው በያላ፣ በፓታኒና በናራቲዋት ግዛቶች በ2005 ምዝገባ ጀምራ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ በዚያው አካባቢ የሲም ባለቤቶች በፊት ገጽታ እንዲለዩ እስከ ማስገደድ ደረሰች። ምዝገባ የሚጠቅመው መዝገቡ እውነት ሲሆን ነው። ሱቅ በር ላይ በሌላ ሰው መታወቂያ ኮፒ የተከፈተ ሲም የሚሸጥ ከሆነ፣ ፈንጂው ሲፈነዳ መጀመሪያ በሩ የሚንኳኳው የዚያ የዋሁ የመታወቂያው ባለቤት ነው። ኮፒ ቤት መታወቂያችሁን ሰጥታችሁ የተረፈውን ወረቀት ሳትወስዱ የምትወጡ ሁሉ ይህን አስቡበት።

የአውሮፓ ኅብረትም ከማድሪድና ከለንደን ጥቃቶች በኋላ የሁሉም ሰው የጥሪ መረጃ ለወራት እንዲቀመጥ በ2006 መመሪያ አውጥቶ ነበር፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤት ኤፕሪል 8 ቀን 2014 ሻረው፤ ምክንያቱም ምንም ያላጠፋውን ሰው ሁሉ ያለ በቂ ገደብ ይነካ ስለ ነበር ነው። እኔ ይህን ውሳኔ ትክክል ነው እላለሁ፤ መርማሪ መረጃውን ያግኝ፣ ግን ለተወሰነ ወንጀልና በዳኛ ፈቃድ ያግኝ።

ስለ አያያዝ ደግሞ የኦማው ፍርድ አይረሳኝም። ኦገስት 15 ቀን 1998 በሰሜን አየርላንድ ኦማ ከተማ በፈነዳ የመኪና ቦምብ 29 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱ አንዷ መንታ ያረገዘች እናት ነበረች። በ2007 አንድ ተከሳሽ በነፃ ሲለቀቅ ዳኛው ፖሊስ ማስረጃውን የያዘበትን፣ ያሸገበትንና የመዘገበበትን መንገድ ክፉኛ ነቀፉ። የሟች ቤተሰቦች በራሳቸው የፍትሐ ብሔር ክስ መሥርተው በ2009 በአራት ሰዎች ላይ ኃላፊነት ያስወሰኑት፣ በከፊል ቦምቡን ወደ ከተማዋ ሲያጅቡ በነበሩ ስልኮች መዝገብ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ፍርድ ሲጠብቁ የኖሩት የሟቾቹ ቤተሰቦች ናቸው።

የዘማች እህት፦

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልን። የጻፋችሁትን ለወንድሜ ትናንት ማታ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁለት። የባይጂው ታሪክ ላይ ስደርስ አስቆመኝና ያንን ክፍል ደግሜ እንዳነብለት ጠየቀኝ።

ከዚያ ያላወቅሁትን ነገር ነገረኝ። በፈነዳባቸው ቀን፣ ቁስለኛው ከተነሣ በኋላ ስብርባሪ እንዲለቅሙ ታዝዘው ነበር። እርሱ ከጫማው ጥርስ መካከል የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ የመዳብ መስመር ያለባት አረንጓዴ ስባሪ ማታ ካምፕ ውስጥ ጫማውን ሲያወልቅ አገኘ። ከረጢቱ ታሽጎ ሄዶ ስለ ነበር ለማን እንደሚሰጥ አላወቀም፤ አሳዛኝ ቀን ስለ ነበረም ሊያያት አልፈለገም፤ ግን አልጣላትም። በመድኃኒት ፕላስቲክ ጠቅልሎ ሻንጣው ኪስ ውስጥ አስቀምጧት እስከ ዛሬ አለች። አሁን ምን ያድርጋት?

ጡረተኛው አምካኝ፦

እህታችን፣ በመጀመሪያ ፈንጂ ራሱ ወይም ካፕ (ፈንጂውን የሚያስነሣው ትንሽ ማፈንጃ) የሚመስል ነገር አብሯት እንደሌለ ያረጋግጥልኝ፤ ከተጠራጠረ አይንካት፣ ሻንጣውን ባለበት ይተውና ለጦር ክፍሉ ይደውል። የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ሰሌዳ ስባሪ ብቻ ከሆነች ከፕላስቲኩ አያውጣት፤ አይጠባት፣ አይጥረጋትም። ፕላስቲኩን እንዳለ በደረቅ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ይክተተው። በፖስታው ላይ ሳይሆን በሌላ ወረቀት ላይ ቀኑን፣ የኮንቮዩን መነሻና መድረሻ፣ ፍንዳታው በመንገዱ በየትኛው ወገን እንደ ነበር፣ ማን አብሮት እንደ ነበረ የሚያስታውሰውን ሁሉ ይጻፍ፤ የማያስታውሰውን በግምት አይሙላ። ከዚያ ለቀድሞ ክፍሉ አዛዥ ደውሎ በፊርማ ያስረክብ። ዘግይተሃል ብለው የሚቆጡት ካሉ የባይጂው ዕቃ ለዓመታት መደርደሪያ ላይ መቆየቱን ይንገራቸው። የርክክቡን ወረቀት አንድ ቅጂ እርስዎ ዘንድ ያስቀምጡለት።